እኩል መውረድ፦ ከፍሪፍላይ ጋር ትውውቅ

ፓራሹት ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን አየር ወለድ ነው። ወታደሩ ከበሩ እንደወጣ ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረው ገመድ ፓራሹቱን ስቦ ይከፍትለታል። ለእሱ ዝላዩ መድረሻ መንገድ ነው፤ ሥራው የሚጀምረው እግሩ መሬት ሲነካ ነው። ለስፖርት ለሚዘሉት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከ4,000 ሜትር ገደማ ወጥተው፣ ፓራሹታቸውን ሳይከፍቱ፣ አንድ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ይወርዳሉ። ገንዘባቸውንና ቅዳሜ እሑዳቸውን የሚከፍሉት ለዚያች ደቂቃ ነው። ፍሪፍላይ ያቺን ደቂቃ ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ከሁሉም ውቡም አስቸጋሪውም እሱ ነው።

የተለመደው አወራረድ በደረት ነው። ዘላዩ ሆዱን ወደ መሬት አዙሮ፣ ወገቡን ወደ ታች ገፍቶ፣ እጅና እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። ይህ አቋም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የሰውነቱ መሃል ዝቅ፣ ዳር ዳሩ ከፍ ስለሚል፣ ዘላዩ ቢገለበጥ እንኳ አየሩ ራሱ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ጀማሪ ሁሉ የሚማረው በዚህ ነው፤ ፓራሹትም የሚከፈተው በዚሁ ነው። ፍሪፍላይ ይህን አስተማማኝ አቋም ትቶ በሌላው ሁሉ መውረድ ነው፦ ቁጭ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በጀርባ፣ በጎን፣ በተለይ ደግሞ በጭንቅላት ተዘቅዝቆ። እነዚህ አቋሞች ራሳቸውን አያስተካክሉም። በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚያስተካክላቸው ሰውየው ነው።

የስፖርቱ አጀማመር ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ጀርመናዊው ኦላፍ ዚፕሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፓራሹት ዓለም ዋና ጨዋታ በደረት ተኝቶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ በሰማይ ላይ ቅርጽ መሥራት ነበር። ዚፕሰር በዚያው ዘመን ሌሎች አቋሞችን መሞከር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ከማይክ ቬይል ጋር ሆኖ «ፍሪፍላይ ክላውንስ» የተባለውን ቡድን መሠረተ። ኦማር አልሄጌላንና ስቴፋኒያ ማርቲኔንጎም በኋላ ተቀላቀሉ። ዚፕሰር ካመጣቸው ነገሮች እኔን የበለጠ የሚማርከኝ ግን አንዲት ትንሽ ኳስ ናት። ውስጧ ክብደት ተሞልቶባት፣ ተዘቅዝቆ ከሚወርድ ሰው ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት እንድትወርድ ተደርጋ የተሠራች ናት። ኳሷ ከአየሩ ጋር አትታገልም፣ አትደነግጥም፣ አትቸኩልም፤ በአንድ ፍጥነት ቀጥ ብላ ትወርዳለች። አጠገቧ የሚወርደው ሰው ከፍ ካለ ወይም ዝቅ ካለ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ወዲያው ያያል። ፓራሹት የላትምና፣ ማንም ሳይዛት ብትቀር ከታች ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ብቻ መውደቅ አለባት።

ያቺ ኳስ የስፖርቱን ዋና ጉዳይ ትነግረናለች። ከሩቅ ለሚያይ ከባዱ ነገር መዘቅዘቁ ይመስላል። መዘቅዘቅ ግን በልምምድ ይመጣል። ከባዱ ከሌላው ሰው ጋር እኩል መውረድ ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት አየሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚወድቅ ሰው ፍጥነቱ ያለ ገደብ አይጨምርም። ከታች የሚገፋው አየር ከክብደቱ ጋር ሲተካከል ፍጥነቱ ይረጋል። በደረት ለሚወርድ ሰው ይህ ፍጥነት በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ተዘቅዝቆ የሚወርደው ለአየሩ የሚያቀርበው ገጽ ስለሚጠብ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሰውነቱን አጥብቆ ከሰበሰበ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የአየሩ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። እናም ፍጥነቱ ከ190 ወደ 270 ሲወጣ፣ በመዳፍ፣ በክንድ፣ በባት ላይ የሚያርፈው ግፊት እጥፍ ይሆናል። በሚሮጥ መኪና መስኮት እጁን አውጥቶ መዳፉን ያዘነበለ ልጅ ሁሉ ይህን ቀምሶታል፤ መኪናው ቀስ ሲል መዳፉ ዝም ይላል፣ መኪናው ሲፈጥን ግን ትንሽ ዘንበል ማድረጉ ክንዱን ሽቅብ ይወረውረዋል። ተዘቅዝቆ የሚወርድ ሰው መላ አካሉ እንደዚያች መዳፍ ነው።

የፍሪፍላይ ማራኪነትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በዚያ ፍጥነት አየሩ ባዶ መሆኑ ይቀራል፤ የሚደገፉት፣ የሚገፉት፣ የሚረግጡት ነገር ይሆናል። አንድን ባት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ሰውየውን ያዞረዋል። ደረትን ትንሽ ማዘንበል ወደ ፊት ያስኬደዋል። አድማሱ ተገልብጦ፣ ምድር ከራስ በላይ ሰማይ ከእግር በታች ሆኖ፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው፣ ጉንጫቸው በነፋሱ እየተርገበገበ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ሊይዝ ክንዱን ቀስ አድርጎ ይዘረጋል። መሬት በሰከንድ 75 ሜትር እየቀረበቻቸው ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ፍጥነት ግን ዜሮ ነው። እርስ በርስ ሲተያዩ ሁለቱም ቆመዋል። በዚህ ስፖርት ሕይወታቸውን የሰጡ ሰዎች የሚፈልጉት ይህንን ይመስለኛል፤ ፍጥነት ብቻውን ቢሆንማ ብቻቸውን ይዘሉ ነበር።

እዚያ ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ቁጭ ብሎ በመውረድ ነው፦ ጀርባ ቀጥ፣ ጭን ወደ ፊት፣ ባት ወደ ታች፣ እግር ከትከሻ ትንሽ ሰፋ፣ ክንድ ወደ ጎን። ሲነገር ቀላል ነው። ጀማሪው ግን እግሩን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ሲደነግጥ ጉልበቱን ይስባል፣ ጉልበቱን ሲስብ መዞር ይጀምራል። የተቀመጠ ሲመስለው ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው፤ ለራሱም አይታወቀውም፣ ምክንያቱም አጠገቡ የሚያነጻጽረው ነገር የለም። ይህ መንሸራተት ከእሱ በፊት ወይም በኋላ ከአውሮፕላኑ የወጡ ሰዎች ወዳሉበት አየር ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኞች ጀማሪውን ፊቱን ከአውሮፕላኑ የበረራ መስመር ወደ ጎን አዙሮ እንዲቀመጥ ያዙታል፤ ቢንሸራተት እንኳ ማንም ወደሌለበት ይንሸራተታል።

በአውሮፕላኑ በር ላይ ያለው ወረፋም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። በብዙ ቦታ በደረት የሚወርዱት ቀድመው ይወጣሉ፣ ፍሪፍላዮቹ ይከተላሉ። በደረት የሚወርዱት ዝግ ስለሚሉ በላይኛው ነፋስ ውስጥ ብዙ ይቆያሉ፣ ርቀውም ይወሰዳሉ። ፈጣኖቹ ቢቀድሙ ኖሮ፣ ኋላ የወጡት በነፋሱ ተገፍተው ፈጣኖቹ ፓራሹታቸውን ወደሚከፍቱበት አቅጣጫ ይመጡ ነበር።

ትልቁ አደጋ ግን ከራሱ ከቡድኑ ውስጥ ይነሳል። ብዙ ሰዎች ተዘቅዝቀው አብረው ሲወርዱ አንዱ ሚዛኑን ቢስት ሰውነቱ የሚያውቀው መሸሸጊያ የመጀመሪያው ትምህርቱ ነው፤ ደረቱን ወደ ታች አድርጎ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ፍጥነቱ ከ270 ወደ 190 ይወርዳል። ለእሱ መረጋጋት ነው። ከበላዩ ላለው ሰው ግን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድ 22 ሜትር፣ ሽቅብ የሚመጣበት አካል ነው። እንዲህ ያለ ግጭት አጥንት ይሰብራል፣ ራስን ያስታል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ፍሪፍላይ የሚማር ሰው በመጀመሪያ ተፈጥሮው የሚያዘውን መተው መማር አለበት፦ ሚዛኑ ሲጠፋበት ከመዘርጋት ይልቅ ጉልበቱን አቅፎ ይሰበሰባል፣ ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አቋሙ ይመለሳል። ደህንነቱን የሚጠብቀው ከሌሎቹ ጋር እኩል መውረዱን በመቀጠል ነው። ይህ ከባድ ትምህርት ነው። የደነገጠ ሰው ፍጥነት ቀንስ ሲባል ይገባዋል፤ አትቀንስ ማለት ግን ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው።

መሣሪያውም እንደዚሁ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የስፖርት ፓራሹት የተሠራው በደረት ለሚወርድ ሰው ፍጥነት ነው። በ270 ኪሎ ሜትር ላይ ሳይታሰብ ቢከፈት ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ ጨርቁ ሊቀደድ፣ ገመዱ ሊበጠስ፣ የሰውየው አንገት ወይም ጀርባ ሊጎዳ ይችላል። ሳይታሰብ የሚከፈተው ደግሞ በትንሽ ነገር ነው። በደረት ሲወርዱ ነፋሱ የማያገኛቸውን የቦርሳው ክፍሎች ቁጭ ብለውና ተዘቅዝቀው ሲወርዱ በቀጥታ ይመታቸዋል። ቦርሳውን የዘጋችውን ፒን የሚሸፍነው ክዳን ከላላ ነፋሱ ይገልጠዋል። በቦርሳው ግርጌ ባለው ኪስ የምትቀመጠው፣ ዋናውን ፓራሹት ጎትታ የምታወጣው ትንሿ ፓራሹት ደግሞ የኪሱ ላስቲክ ከደከመ ሾልካ ትወጣለች። ልምድ ያለው የፍሪፍላይ ዘላይ ከመሳፈሩ በፊት ይህን ኪስ በጣቱ ሲፈትሽ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ጎረቤቱን ፒኑን እንዲያይለት ጀርባውን ሲያዞርለት ይታያል። የእግር ማሰሪያዎቹም ቁጭ ሲል ወደ ጉልበት እንዳይንሸራተቱ ብዙዎች ሁለቱን በላስቲክ ያገናኟቸዋል። ልብሱም ቢሆን የፓራሹቱን እጀታ የሚሸፍን ሸሚዝ ወይም ጃኬት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጊዜም ያጥራል። በደረት 60 ሰከንድ ገደማ የሚፈጀው አወራረድ ተዘቅዝቆ ሲሆን ወደ 45 ሰከንድ ይወርዳል። አድማስ በተገለበጠበት፣ ዓይን በጓደኛ ላይ በተተከለበት ሁኔታ ከፍታ የሚለካውን የእጅ አልቲሜትር ማየት ይረሳል። በራስ ቁር ውስጥ ጆሮ አጠገብ የሚቀመጠው፣ በተወሰነ ከፍታ ላይ የሚጮኸው መሣሪያ በፍሪፍላዮች ዘንድ እንደ ግዴታ የሚታየው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ጩኸት ሲሰማ ሁሉም ይለያያል፣ ይራራቃል፣ ወደ ደረቱ ተመልሶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያ ፓራሹቱን ይከፍታል። ቅደም ተከተሉ ጊዜ ስለሚወስድ መለያየቱ ቀደም ብሎ ከፍ ባለ ቦታ ይጀመራል።

ሒሳቡን አስቡት። በአንድ ዝላይ 45 ሰከንድ ልምምድ ቢገኝ፣ መቶ ጊዜ የዘለለ ሰው በጠቅላላው የተለማመደው 75 ደቂቃ ብቻ ነው። በ75 ደቂቃ ልምምድ ብስክሌት እንኳ በወጉ አይነዳም። ለዚያውም ለእያንዳንዷ ዝላይ አውሮፕላን መሳፈር፣ ፓራሹት ማጠፍ፣ ደመናና ነፋስ መጠበቅ አለ።

ይህን ችግር የፈታው ነፋስን ከታች ወደ ላይ የሚያነፍሰው ቋሚ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በኦርላንዶ ከተከፈተው ስካይቬንቸር ወዲህ እንዲህ ያሉ ቦታዎች በብዙ አገሮች ተስፋፍተዋል። በመስታወት ግድግዳ መካከል፣ ከመረብ በላይ፣ ሰው ደቂቃዎችን ያለማቋረጥ ይለማመዳል፤ አሠልጣኙ አጠገቡ ቆሞ እግሩን በእጁ ያስተካክልለታል። በሰማይ ላይ የማይሰማው መንሸራተት እዚህ ወዲያው ይታወቃል፣ ግድግዳው ይነግረዋል። በአቡ ዳቢ ያስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ክላይምብ ከእነዚህ ትልልቆቹ መካከል የሚቆጠር ነው፤ የመብረሪያ ክፍሉ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። በዱባይ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በፓልም ጁሜይራ ሰማይ የሚወርዱትን ባለቀለም ፓራሹቶች ያውቋቸዋል፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በዚህ ስፖርት ከዋናዎቹ ማዕከላት አንዱ ሆነዋል። ከአውሮፕላን ዘለው የማያውቁ፣ ግን በቦይ ውስጥ ድንቅ በራሪ የሆኑ ልጆችም መጥተዋል። ነባሮቹ ይህ እውነተኛው ስፖርት አይደለም ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ሰውነትን በነፋስ ላይ የመግዛት ጥበቡ አንድ ነው። የከፍታ ፍርድ፣ የፓራሹት አነዳድና የአደጋ ምላሽ ግን በመስታወት ቤት አይገኝም። አደገኛ የሚሆነውም በቦይ የተካነ ሰው ይህን ሲረሳ ነው።

ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ኤፍኤአይ፣ ፍሪፍላይን በሁለት ትርዒት አቅራቢና በአንድ ካሜራ ያዥ ቡድን ያወዳድራል። ዳኞቹ የሚያዩት ካሜራ ያዡ የቀረጸውን ነው፤ ስለዚህ እሱም ከሁለቱ ጋር እኩል ካልወረደ ቡድኑ ሁሉ ይወድቃል። በሌላው ጽንፍ ደግሞ የብዙ ሰው ቅርጾች አሉ። ሐምሌ 31 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ፣ 164 ሰዎች ተዘቅዝቀው እየወረዱ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንድ ቅርጽ ሠሩ። ቀድሞ በዚያው ቦታ እ.ኤ.አ. በ2012 የተያዘው ክብረ ወሰን 138 ነበር። በ13ኛው ሙከራ ነው የተሳካው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት 12 ሙከራዎች ቅርጹ ሳይሞላ ቀርቷል። ሰው የሚያደንቀው ቁጥሩን ነው። እኔ ግን በውጭኛው ዙር የተመደበውን ሰው አስባለሁ። ከሌላ አውሮፕላን ዘግይቶ ወጥቶ፣ ከሩቅ እየፈጠነ ደርሶ፣ ከመቶ በላይ ሰዎች ጫፍ ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሳይገፋና ሳይጎትት እጅ መያዝ አለበት። ትንሽ ቢፈጥን የሁሉንም ድካም ያፈርሳል።

መጀመር ለሚሻ ሰው መንገዱ ግልጽ ነው። በአሜሪካ ሥርዓት የመጀመሪያው ፈቃድ ቢያንስ 25 ዝላይ ይጠይቃል፤ እስከዚያ ሥራው በደረት መውረድን፣ ከፍታን መጠበቅንና ፓራሹትን በሰላም ማሳረፍን መልመድ ነው። ፍሪፍላይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ብቻ፣ ቢቻል በቦይ ውስጥ በጀርባና ቁጭ ብለው ጥቂት ሰዓት ካሳለፉ በኋላ። ሦስተኛ ሰው የሚጨመረው ሁለቱ በፈለጉት ጊዜ ሁሉ ተቀራርበው እጅ መያዝ ሲችሉ ነው፤ አራተኛውም ሦስቱ ሲችሉ። ብዙ አደጋ የሚደርሰው ይህ ወረፋ ሲዘለል፣ ገና ብቻውን ቁጭ ማለት ያልቻለ ሰው ጓደኞቹ ስለጋበዙት ብቻ ስድስት ሰው ወዳለበት ቡድን ሲገባ ነው። ጥሩ የዝላይ ሜዳ የሚታወቀውም እንዲህ ያለውን ሰው ከአውሮፕላኑ በፊት አስቁሞ፣ ዛሬ ከአሠልጣኝ ጋር ሁለት ብቻ ትሆናላችሁ የሚለው ሰው ስላለበት ነው።