ጫጫታ የሚያመው ልጅ፦ ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲ እና አንጎል

የባጃጅ ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ወይም ወንበሩ ላይ ደቂቃ የማይረጋ ልጅ ሐዋሳ ውስጥም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ብዙ ስም ይወጣለታል፦ ቅብጥብጥ፣ ያልተቀጣ፣ የተለከፈ። ፍርዱ ለእናቱም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ለሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጡ ክሊኒኮች የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር፤ 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል።

ሕክምናው የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። ኦቲዝምም ሆነ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማጣትና ያለመረጋጋት ችግር፣ ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የዘር ድርሻ ከፍተኛ ነው። አንድ ልጅ ሁለቱንም ሊይዝ እንደሚችል የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የተቀበለው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በዚያው እትም ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለንክኪ ከልክ በላይ መደንገጥ፣ ወይም በተቃራኒው ምንም አለመሰማት፣ ከኦቲዝም ምልክቶች ተቆጠረ። ወላጆች ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድመው ሲናገሩት የኖሩት ነገር ነበር።

ስለ ኤዲኤችዲ ብዙ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ውፍረት ጣሪያ የሚደርስበት ዕድሜ በሌሎች ልጆች ወደ 7 ዓመት ተኩል ሲሆን፣ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ወደ 10 ዓመት ተኩል ይዘልቃል። መዘግየቱ ጎልቶ የታየው ትኩረትንና ራስን መግታትን በሚመራው በግንባር በኩል ባለው ክፍል ነው፤ የዕድገቱ ቅደም ተከተል ግን አልተዛባም። የሦስተኛ ክፍል ተማሪን በአለንጋ «ማረም» ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ለማየት ይህ ብቻ ይበቃል።

በኦቲዝም በኩል ነገሩ የተወሳሰበ ነው። በአንዳንድ ሕፃናት አንጎል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከተለመደው ፈጥኖ ይሰፋል። የስሜት ሕዋሳትን በተመለከተ ብዙ የሚያብራራው ግን የመጠን ጉዳይ አይደለም፤ መላመድ ነው። ያው ድምፅ ሲደጋገም አብዛኛው አንጎል ምላሹን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ገበያ መሃል የሚውል ነጋዴ የድምፅ ማጉያውን ጩኸት «የማይሰማው» ለዚህ ነው። ድምፅና ንክኪ በእጅጉ የሚረብሻቸው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች፣ አደጋን የሚመዝነው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ይህን ቅነሳ በወጉ አያሳይም። አሥረኛው ጥሩንባ እንደ መጀመሪያው ያስደነግጣል።

እነዚህ ሁሉ የብዙ ልጆች አማካይ ውጤቶች ናቸው፤ በአንድ ልጅ አንጎል ምስል ላይ አይነበቡም። ስለዚህ ኦቲዝምን ወይም ኤዲኤችዲን «ለማረጋገጥ» ብቻ ብር ተበድሮ ኤምአርአይ ማስነሳት ትርፍ የለውም። ምስሉ የሚያስፈልገው እንደ ሚጥል በሽታ ያለ ሌላ ምልክት ሲኖር ነው። ምርመራው የሚካሄደው የልጁን ታሪክ በመጠየቅና አኳኋኑን በማየት ነው፤ ንግግር የዘገየበት ልጅ ደግሞ በቅድሚያ ጆሮው መታየት አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩን ወደ አደባባይ በማውጣት ስማቸው የሚነሳው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2021፣ ሲሟገቱለት ኖረዋል። ኋላ የተከፈተው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እዚያው አዲስ አበባ ነው። ለሐዋሳ ቤተሰብ ይህ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የዘወትር ክትትል ለሚያስፈልገው ልጅ መንገዱ አያዋጣም።

ስለዚህ ብዙው ሥራ ቤትና ትምህርት ቤት ላይ ይወድቃል። ልጁን ከመንገድ ዳር መስኮት አርቆ ማስቀመጥ፣ የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ መንገር፣ ጫጫታ በበዛ ሰዓት ጆሮውን የሚሸፍንበት ማዳመጫ መስጠት፣ በመሃል ተነስቶ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ሆኖም ሐኪምን አይተኩም። ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣቱ የማያመለክት ወይም ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያያይዝ ልጅ ያላችሁ ወላጆች «ወንድ ልጅ ንግግር ይዘገያል» የሚለውን ማጽናኛ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።