ያውቁ ኖሯል? ካንሰርን አሳዶ የሚይዘው ጨረር

ጨረር በመርፌ ይሰጣል ቢባሉ ያምናሉ? ይመኑ! ከፕሮስቴት አልፎ አጥንት የገባን ካንሰር የሚያሳድድ መድኃኒት አለ። በክንድ ደም ሥር ይገባና ካንሰሩ የተደበቀበትን ራሱ ፈልጎ ያገኛል!

እንዴት ያገኘዋል? አብዛኞቹ የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ገጻቸው ላይ ፒኤስኤምኤ የሚባል ፕሮቲን በብዛት ይዘዋል። የመድኃኒቱ አንዱ ጫፍ ይህን ፕሮቲን ይጨብጣል፤ ሌላው ጫፍ ጨረር አመንጪውን ሉቴሺየም 177 ተሸክሟል። ሴሉ መድኃኒቱን ይውጠዋል፤ ጨረሩም ዲኤንኤውን ይበጣጥሰዋል!

ይህ ጨረር በሰውነት ውስጥ የሚጓዘው ቢበዛ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው!

ፋርማሲ ውስጥ ግን አያገኙትም! ሉቴሺየም 177 በ6 ቀን ተኩል ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ፕሉቪክቶ የተባለው ይኸው መድኃኒት በ5 ቀን ውስጥ ካልተሰጠ አይሠራበትም!

አስቀድሞ ካንሰሩ ፎቶ ይነሣል! ጨረር አመንጪ በሆነው ጋሊየም 68 የተዘጋጀ መርፌ ተወግቶ ፔት ስካን ሲነሣ ዕጢዎቹ ቦግ ብለው ይታያሉ። ካልታዩ መድኃኒቱ አይሰጥም። ጋሊየም 68 ደግሞ በስንት ደቂቃ የሚጋመስ ይመስልዎታል? በ68! ቁጥሩ የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ነው!

በፎቶው ላይ የምራቅ ዕጢዎችም ያበራሉ፤ መድኃኒቱ እነርሱም ውስጥ ይገባል! ከ10 ታካሚዎች የ4ቱ ያህል አፍ የሚደርቀው ለዚሁ ነው።

ታካሚው ራሱ ለተወሰኑ ቀናት ጨረር ያመነጫል! ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን አይጠጋም። ቁጭ ብሎ ይሸናል፤ የሽንት ቤቱን ውሃ ሁለቴ ይለቃል። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የጨረር መፈተሻው ሊጮህበት ይችላል!

831 ሕመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት በዚህ መድኃኒት መካከለኛው የመኖር ጊዜ ከ11.3 ወር ወደ 15.3 ወር ከፍ አለ። አራት ወር አነሰዎት? ሆርሞኑም ኬሞውም ላልያዘላቸው አባቶች ግን ብዙ ነው! አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቀደችው።

አፍሪካም ከፊት ተሰልፋለች! የፕሪቶሪያው ፕሮፌሰር ማይክ ሳቴኬ አክቲኒየም 225 የተባለ ሌላ ጨረር አመንጪ ሰጥተው በአንዳንድ ታካሚዎች ደም ውስጥ ፒኤስኤ የተባለው የፕሮስቴት ካንሰር ጠቋሚ እስከማይገኝ ድረስ ወረደ። የአክቲኒየም ጨረር ከ0.1 ሚሊሜትር አያልፍም!

ከጨረሩ ሌላ በዘረመል በኩልም መንገድ አለ! በጡት ካንሰር የሚታወቀው ብራካ 2 የተባለው ዘረመል ሲበላሽ ወንዶችም በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ይላል! ይህ ጉድለት ኖሮባቸው ካንሰሩ ለተሰራጨባቸው ታካሚዎች ኦላፓሪብ የተባለ እንክብል አለ። ጉድለቱን የያዘ አባት ለእያንዳንዱ ልጁ፣ ለሴቷም ለወንዱም፣ የማውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው! እንግዲህ አባትዎ ወይም ወንድምዎ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ካለባቸው ስለ ዘረመል ምርመራ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ውጤቱንም ለሴቶችም ለወንዶችም ልጆቻቸው ያሳውቁ!