ካርበኑ ከመሸጡ በፊት፦ የሁምቦ ተራሮች ደን

ደንን በክልከላና በዘበኛ ብቻ ማዳን እንደማይቻል ብዙ አገሮች በኪሳራ ተምረዋል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተስፋፋው ሌላው መንገድ ደኑን ለሚጠብቀው ሰው ጥቅም መስጠት ነው። ኮስታሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደናቸውን ላልቆረጡ ባለይዞታዎች ገንዘብ ትከፍላለች። በኢትዮጵያ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ነው።

የሁምቦ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው ደናቸው ተመንጥሮ ነበር። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወሰደ፣ ምንጮች ደረቁ። እርሻው ያልበቃው ቤተሰብ የተረፈውን እንጨት ከሰል እያደረገ ይሸጥ ስለነበር ተራራው የማገገሚያ ጊዜ አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅትና የአካባቢው ነዋሪዎች 2,728 ሄክታር መሬት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አደረጉ። አብዛኛው ደን በችግኝ የመጣ አይደለም። ከመሬት በታች ሥራቸው ያልሞተ ጉቶዎች ነበሩ፤ ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ እየተመረጡ ሌሎቹ ሲገረዙ ዛፉ በነባሩ ሥር ፈጥኖ አደገ። ነዋሪዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የመጠቀም መብት ማረጋገጫ ተሰጣቸው፤ መተዳደሪያ ደንብም አወጡ።

ሥራው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 የካርበን ቅነሳን ለሽያጭ በሚያበቃው በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ሰፊ የደን ፕሮጀክት ሆነ። ደኑ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ሲገመት፣ የዓለም ባንክ የባዮካርበን ፈንድ 165,000 ቶኑን ለመግዛት ተዋዋለ። ከሽያጩ በአሥር ዓመት ከ700,000 ዶላር በላይ ይጠበቅ ነበር። ይህ ለሰባት ማኅበራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ በዓመት አሥር ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ኑሮ አይለውጥም። ዋጋው ዝቅ ያለበት ምክንያት አለ። ዛፍ ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ስለሚችል ለደን የሚሰጠው የካርበን ሰነድ ጊዜያዊ ነበር፤ ትልቁ ገዢ የአውሮፓ ኅብረት የካርበን ገበያም አልተቀበለውም። ማኅበራቱ ያገኙትን በነፍስ ወከፍ ከመበተን ይልቅ እንደ እህል ወፍጮ ባሉ የጋራ ሥራዎች ላይ ማዋላቸው አስተዋይነት ነበር።

ከካርበኑ ገንዘብ ቀድሞ የደረሰው ሣሩ ነው። ከብት ባይገባም አጭዶ መውሰድ ተፈቅዷል፤ ከተገረዙት ቅርንጫፎች የሚገኘው እንጨትም ለማገዶ ይውላል። ሰዉን ከደኑ ጋር ያሰረው የሩቁ ገዢ ሳይሆን ይህ የየወቅቱ ጥቅም ይመስላል።

ጥቅሙ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። ሣር የሚጠቅመው ከብት ያለውን ነው። ተራራው ሲዘጋ ከሁሉ በፊት ገቢውን የሚያጣው መሬትም ከብትም የሌለው ከሰል ሻጭ ነው፤ ማገዶ ለቃሚ ሴቶችም መንገዳቸው ይረዝማል። የጋራ ወፍጮ የእነዚህን ሰዎች ጉዳት አይክስም። ስለዚህ መሬት ከመከለሉ በፊት ኑሮው በደኑ ላይ የተመሠረተው ማን እንደሆነ በስም መለየትና ምትክ ገቢ ማዘጋጀት የክፍያውን ያህል ያስፈልጋል።

ሌላው ጥያቄ የመጠቀም መብቱ ጽናት ነው። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ዛፉን ያሳደገው ገበሬ ነገ እንደማይነጠቅ የሚያረጋግጥለት ሕግ ይሻል። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ከመንግሥት፣ ከግልና ከማኅበራት ደን ለይቶ እንደ አንድ የይዞታ ዓይነት ዕውቅና ሰጥቶታል።