የቅርጫት ኳስ ቡድን ወደ ዓለም ውድድር የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

በ2024 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ጨዋታ በፈረንሳይ አገር በተደረገ ጊዜ፣ ኳስ የሚወድ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አልቀረም። «ሊትዌኒያ ባለፈው ዓመት አሜሪካንን አሸንፋ የለም ወይ? ታዲያ ስለ ምን ከዚህ ቀረች? ነጻ መንግሥት ከሆነች ገና ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ደቡብ ሱዳንስ በምን መንገድ ገባች?» የሚል ነው። አባትም ጋዜጣውን አጥፎ «ዕድል ነው፣ ልጄ» ብሎ አልፎት ይሆናል። ነገሩ ግን የዕድል ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ተጽፎ፣ ለሁሉም ተነግሮ፣ በቍጥርና በቀን የተወሰነ ደንብ አለው። ደንቡን ያወቀ ሰው ጨዋታውን ሲመለከት ደስታው እጥፍ ስለሚሆን፣ እኛም ዛሬ ባጭሩ ልናስረዳ አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ጨዋታው እንዴት ተጀመረ?

የቅርጫት ኳስን ያወጣው ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የካናዳ ተወላጅ መምህር ነው። በ1891 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፣ በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ተማሪዎቹ በብርዱ ወራት በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ቢቸግረው፣ ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶች በሰገነቱ ላይ ሰቅሎ 13 ደንቦች ጻፈ። የጨዋታው ስም የወጣው ከነዚያ ቅርጫቶች ነው።

ጨዋታው በየአገሩ ከተሠራጨ በኋላ የጋራ ደንብ የሚያወጣለት ማኅበር አስፈለገው። ስለዚህ በ1932 ዓ.ም. ጁን 18 ቀን የስምንት አገሮች መልእክተኞች በጄኔቫ ተሰብስበው «ፊባ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። እነርሱም አርጀንቲና፣ ቼኮስሎቫኪያ፣ ግሪክ፣ ኢጣሊያ፣ ላትቪያ፣ ፖርቱጋል፣ ሩማኒያና ስዊስ ነበሩ። ዛሬ የማኅበሩ አባላት ከ200 ይበልጣሉ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የፈለገ መንግሥት ቡድኑን ይልክ ነበር። በ1936 ዓ.ም. በበርሊን ኦሊምፒክ 21 ቡድኖች ተጫወቱ። የዋንጫው ጨዋታ በሜዳ ላይ በዝናብ ስለተደረገ ኳሱ በጭቃው አልነጥር ብሎ፣ አሜሪካ ካናዳን ያሸነፈችው 19 ለ8 በሆነ ውጤት ነው። በ1948 ዓ.ም. በለንደን ደግሞ የኢራቅ ቡድን በኮሪያ 120 ለ20፣ በቻይና 125 ለ25 ተሸነፈ። በሁለቱም ጨዋታ ልዩነቱ መቶ ነጥብ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ለአሸናፊው ክብር፣ ለተሸናፊው ትምህርት፣ ለተመልካቹም ደስታ አይሰጥም። በ1952 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ከዋናው ውድድር በፊት የማጣሪያ ጨዋታ ተደረገ።

ከኦሊምፒክ የተለየው የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1950 ዓ.ም. በአርጀንቲና፣ በ10 ቡድኖች ነው። የሴቶቹም በ1953 ዓ.ም. በቺሊ ተከተለ። የአፍሪካ ሻምፒዮና በ1962 ዓ.ም. በካይሮ ሲከፈት ኢትዮጵያ ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ነበረች።

ሦስት ቃላት

ወደ ዛሬው ደንብ ከመግባታችን በፊት፣ በስፖርት ገጽ ዘወትር የሚገኙትን ሦስት ቃላት እንመልከት። «ማጣሪያ» አጣራ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ጉድፉን ከጥሩው መለየት እንደ ማለት ሲሆን፣ በጨዋታ ግን የሚቀረው ቡድን ጉድፍ ነው ማለት አይደለም፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ብቻ ነው። «ምድብ» መደበ ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ በዕጣ ተመድበው እርስ በርስ የሚጋጠሙ ቡድኖች ጓድ ነው። «ዙር» ደግሞ ዞረ ከሚለው የተገኘ ነው፤ አንዱ ምድብ ጨዋታውን ጨርሶ ሲዞር አንድ ዙር ተፈጸመ ይባላል።

ከሰማንያ ወደ ሠላሳ ሁለት

የዓለም ዋንጫ ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገው በ32 ቡድኖች ነው። ወደዚህ ለመድረስ በ2019ም ሆነ በ2023 ዓ.ም. 80 ቡድኖች ለማጣሪያ ተሰለፉ። ከአውሮፓ 32፣ ከአፍሪካ 16፣ ከሁለቱ አሜሪካዎች 16፣ ከእስያና ከኦሽንያ በአንድነት 16 ናቸው።

በመጀመሪያው ዙር ቡድኖቹ አራት አራት እየሆኑ ይመደቡና እያንዳንዱ ስድስት ጨዋታ ያደርጋል። ከአራቱ ሦስቱ ያልፋሉ። በሁለተኛው ዙር ስድስት ስድስት ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ዙር ውጤት ግን አይፋቅም፣ ከነቍጥሩ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር የተሸነፈ ቡድን የሽንፈቱን ዕዳ እስከ መጨረሻው ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው።

ለ2023 ዓ.ም. ውድድር ቦታው እንዲህ ተከፈለ፤ ለአውሮፓ 12፣ ለአሜሪካዎች 7፣ ለአፍሪካ 5፣ ለእስያና ለኦሽንያ ደግሞ አስተናጋጆቹን ጃፓንንና ፊሊፒንስን ጨምሮ 8። በአፍሪካ ሁለት የስድስት ቡድን ምድቦች አሉ። ከየምድቡ አንደኛውና ሁለተኛው ያልፋሉ፤ አምስተኛው ቦታ ከሁለቱ ሦስተኞች ለተሻለው ይሰጣል። በዚህ አምስተኛ ቦታ የገባችው ኬፕ ቨርድ ናት። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን የማይሞላው ይህች የደሴቶች አገር ስታልፍ፣ በዚያው ምድብ የነበረችው ታላቂቱ ናይጄሪያ በቤቷ ቀረች። የሕዝብ ብዛት በቅርጫት ሰሌዳ ላይ አይጻፍም።

የማጣሪያው ጨዋታ በተከታታይ አይደረግም። ከአንድ ዓመት በላይ በሚሆን ጊዜ ውስጥ በስድስት አጫጭር ወቅቶች ይከፈላል። እነዚህንም «መስኮት» ይሏቸዋል። የየአገሩ ክለቦች ውድድር እንደ ግድግዳ ሆኖ በመካከሉ ጥቂት ቀን ተከፍቶ ስለሚዘጋ ስያሜው ተስማሚ ነው። ማኅበሩ ይህን ሥርዓት ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ያቆመው ሕዝቡ ብሔራዊ ቡድኑን በገዛ አገሩ እንዲያይ ብሎ ነው። አሳቡ መልካም ቢሆንም ችግር አላጣውም። ታላቁ የአሜሪካ ክለቦች ውድድር በኖቬምበርና በፌብሩዋሪ ለማጣሪያው ስለማይቆም በዚያ የሚጫወቱት ዝነኞች ወደ ማጣሪያው አይመጡም። በአፍሪካም የጉዞው ወጪ ከባድ ስለሆነ የአንድ ምድብ ቡድኖች በየመስኮቱ በአንድ ከተማ ተሰብስበው መጫወታቸው የተለመደ ነው።

አስተናጋጁና መዝገቡ

ውድድር ማስተናገድ የሚሻ አገር ጥያቄውን ለማኅበሩ ያቀርባል። አዳራሾቹ፣ ማደሪያው፣ መጓጓዣው ይመረመራል። ከዚያም ቡድኖቹ በዓለም ደረጃቸው በየረድፉ ይቀመጡና ዕጣ ይወጣል፤ ይህም ብርቱዎቹ ሁሉ በአንድ ምድብ እንዳይከማቹ ነው። ሜዳው 28 ሜትር በ15 ሜትር ይሆናል፤ ጊዜው ዐሥር ዐሥር ደቂቃ አራት ጊዜ ነው፤ ዳኞቹ ሦስት ናቸው። እያንዳንዱ አገር 12 ተጫዋቾች ያስመዘግባል። ከነዚህም ውስጥ ዐሥራ ስድስት ዓመት ከሞላው በኋላ ዜግነት ያገኘ ሰው ከአንድ በላይ እንዲሰለፍ አይፈቀድም። በመሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች እንደምናውቀው፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በሜዳ ሳይሆን በመዝገብ ነው።

አስተናጋጅነትም ሁልጊዜ ቦታ አያስገኝም። የ2023 ዓ.ም. ውድድር በፊሊፒንስ፣ በጃፓንና በኢንዶኔዥያ በአንድነት ተደረገ። ኢንዶኔዥያ ለመጫወት በ2022 ዓ.ም. በጃካርታ በተደረገው የእስያ ዋንጫ ከስምንቱ ውስጥ እንድትገኝ ተጠየቀች፤ ሳይሆንላት ቀረ። ድግሱን ደግሳ እንግዳ ስታስተናግድ እርሷ ከማዕዱ ሳትቀመጥ ቀረች።

የጎረቤታችን መንገድ

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን በ2011 ዓ.ም. አገኘች፤ በ2013 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ሆነች። የፌዴራሲዮኑ ፕሬዚዳንት ሉዎል ዴንግ በልጅነቱ ከአገሩ ተሰዶ በግብጽና በእንግሊዝ አገር ያደገ፣ በኋላም በአሜሪካ ስመ ጥር ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ በስደት አገር ተወልደው ወይም አድገው በክፉ ዘመን የተበተኑ ልጆች ናቸው። በዋና ከተማቸው በጁባ ጣራ ያለው ተገቢ አዳራሽ እንኳ ስላልነበራቸው ልምምዳቸውንም ሆነ ማጣሪያቸውን ያደረጉት በሰው አገር ነው። ሆኖም በ2023 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር በእስክንድርያ ማጣሪያቸውን ፈጽመው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ አለፉ።

በዓለም ዋንጫው አራት አራት የሆኑ ስምንት ምድቦች ነበሩ። ደቡብ ሱዳን ፖርቶ ሪኮን ገጥማ በጭማሪ ሰዓት 101 ለ96 ተሸነፈች፤ ቻይናን 89 ለ69 አሸነፈች፤ በሰርቢያ 115 ለ83 ተሸነፈች። ከየምድቡ ወደ ላይ የሚወጡት ሁለት ብቻ ስለሆኑ፣ እርሷ ከ17ኛ እስከ 32ኛ ያለውን ደረጃ ለመለየት ከሚጫወቱት ጋር ቀረች።

የደንቡ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ከነበሩት 12 ቦታዎች አንዱ የአስተናጋጇ የፈረንሳይ ነበር። ሰባቱ ለዓለም ዋንጫው ተመድበው ነበር፤ ሁለት ለአውሮፓ፣ ሁለት ለአሜሪካዎች፣ አንድ አንድ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ። ስለዚህ ብዙ ተመልካች ዋጋ የሌለው መስሎት የተወው የዝቅተኞቹ ጨዋታ ለአፍሪካ የኦሊምፒክ በር ሆነ። ደቡብ ሱዳን ፊሊፒንስን በገዛ ሕዝቧ ፊት 87 ለ68፣ ሴፕቴምበር 2 ቀንም አንጎላን 101 ለ78 አሸንፋ፣ በጠቅላላው 17ኛ፣ ከአፍሪካ ግን አንደኛ ሆና ወደ ፓሪስ አለፈች።

ሊትዌኒያስ? አሜሪካንን 110 ለ104 አሸንፋ በጠቅላላው 6ኛ ወጣች። ነገር ግን ለአውሮፓ የተወሰኑትን ሁለት ቦታዎች ለዋንጫ የተጋጠሙት ጀርመንና ሰርቢያ ወሰዷቸው። የቀሩት አራት ቦታዎች በጁላይ 2024 ዓ.ም. በአራት ከተሞች፣ በየከተማው ስድስት ቡድኖች ሆነው፣ አንደኛው ብቻ በሚያልፍበት የመጨረሻ ማጣሪያ ተሰጡ። ሊትዌኒያ በሳን ኋን ከተማ በፖርቶ ሪኮ 79 ለ68 ተሸንፋ በዚያው ቀረች። ስድስተኛው ቀርቶ ዐሥራ ሰባተኛው ማለፉ ለሰሚው እንግዳ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ውድድሩ የዓለም እንዲባል ከየአህጉሩ ተጠሪ ሊኖር ይገባል የሚለው አሳብም ዋጋ አለው፤ በር ያልተከፈተለት ማደግ አይችልምና።

ዘጠኝ ነጥብ

ጁላይ 28 ቀን 2024 ዓ.ም. በሊል ከተማ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ፤ በዓለም ዋንጫው በኩል የመጣችው ደቡብ ሱዳንና በመጨረሻው ማጣሪያ በኩል የመጣችው ፖርቶ ሪኮ ተጋጠሙ። ከጨዋታው በፊት በስሕተት የሱዳን የሕዝብ መዝሙር ተሰማ። ተጫዋቾቹ ትክክለኛው እስኪመጣ ቆመው ጠበቁ። ከዚያም 90 ለ79 አሸንፈው የአገራቸውን የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ድል አገኙ።

በተከታዮቹ ጨዋታዎች ግን በአሜሪካ 103 ለ86፣ በሰርቢያ 96 ለ85 ተሸነፉ። ከሦስቱ ምድቦች ወደ ሩብ ፍጻሜ የሚያልፉት አንደኞቹና ሁለተኞቹ፣ ከሦስተኞቹም ሁለቱ የተሻሉ ናቸው። በእኩል ድል የቆሙት ሦስተኞች ብራዚል፣ ግሪክና ደቡብ ሱዳን ስለነበሩ፣ ያገቡት ነጥብ ከገባባቸው ጋር ተወራርዶ ልዩነቱ ተቈጠረ። የብራዚል ጕድለት 7፣ የግሪክ 8፣ የደቡብ ሱዳን 17 ሆነ። ከግሪክ ያነሱት በዘጠኝ ነጥብ ነው። ዘጠኝ ነጥብ ማለት በሦስት ጨዋታ ውስጥ ከሩቅ የሚወረወር ሦስት ኳስ፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ኳስ ማለት ነው።

ስለዚህ ዐዋቂ አሠልጣኝ ሽንፈቱ ቍርጥ በሆነበት ሰዓት እንኳ ተጫዋቾቹ እጃቸውን እንዲያላሉ አይፈቅድም። በሃያ መሸነፍና በዐሥር መሸነፍ በደንቡ ፊት አንድ አይደሉም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ማዘን ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል። ልጅዎም በሚመጣው ውድድር ጊዜ፣ «እነዚህ ሰዎች መሸነፋቸው ካልቀረ ስለ ምን እንዲህ ይሮጣሉ?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ዕድል ነው ብለው አይለፉት፤ እርሳስና ወረቀት አምጥተው አብራችሁ ቍጠሩ።