የጅማ ቡና ጥላና የለቃሚው ሒሳብ

ከጅማ ወደ አጋሮ የሚጓዝ ሰው ከቡናው በፊት የሚያየው ዛፉን ነው። ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራና ብሳና ከላይ ተንሰራፍተዋል፤ ቡናው ከሥራቸው ነው። ገበሬው ዛፉን ያቆየው ለወፍ አዝኖ አይደለም። የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያለማለታል፣ ጥላው ቡናውን ከፀሐይ ይከልልለታል፣ ቅርንጫፉ ላይም ቀፎ ይሰቅላል። ሶረንና ጉሬዛ ኑሯቸውን ያገኙት በዚህ ሒሳብ መሐል ነው።

የዩታ ዩኒቨርሲቲው ኢቫን ቡክሊና ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጥላ ቡናን ቡና ከሌለበት ወይም እምብዛም ከሌለበት ደን ጋር አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናታቸውን አሳትመዋል። በጥላ ቡናው የመዘገቧቸው የወፍ ዝርያዎች ከደኑ ከእጥፍ በላይ ነበሩ። በደኑ የተገኙት የደን ወፎችም በሙሉ በቡናው ውስጥ ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ በቁጥቋጦ ሥር ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩት ወፎች ዛሬም የሚበረክቱት በደኑ ነው። ይህ ለጅማ ገበሬ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ በየዓመቱ የቡናው ሥር ሲመነጠር የነገው ዋንዛ ችግኝም አብሮ ይታጨዳል።

በዚያው በጅማ ዞን ባለው የበለጤ-ጌራ ደን የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ነዋሪው ደኑን በማኅበር እንዲያስተዳድር የሚረዳ ፕሮጀክት አካሂዷል። በ2007 ከደኑ የሚለቀመው ቡና ሬይንፎረስት አሊያንስ ከተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የምስክር ወረቀት አገኘ። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ታካሃሺና ቶዶ በሳተላይት ምስል እንዳረጋገጡት፣ የምስክር ወረቀት ያለው የቡና ደን ከሌላው ይልቅ ከመመንጠር ተርፏል። ደኑ ገንዘብ ሲያስገኝ ጠባቂ አላጣም።

በአጋሮ ዙሪያ ደግሞ ለውጡ የመጣው በማጠቢያ ጣቢያ በኩል ነው። ቡና ተገኘባት የምትባለው ጮጬ ባለችበት በዚህ አካባቢ ገበሬው ለረጅም ጊዜ ጀንፈል ሲሸጥ ኖሯል፤ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ተሸምጥጦ፣ መሬት ላይ ደርቆ፣ «ጅማ 5» ተብሎ በርካሽ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቴክኖሰርቭ የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት በጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲደራጁ፣ ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያ እንዲተክሉ፣ ፍሳሹ ወንዝ ሳይገባ ቬቲቨር ሣር ወደተተከለበት ረግረግ እንዲመራ አገዘ። በ2010 የተመሠረተው ዱሮሚና ማኅበር ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2012 በዓለም አቀፍ ቀማሾች ቡናው የአፍሪካ ምርጥ ተባለለት። ያ ክብር መሬትና ቡና ላለው አባል ከማኅበሩ ትርፍ የሚመጣ የሁለተኛ ክፍያ ተስፋ ነው።

ለቃሚውስ?

ቀይ እሸት ብቻ መልቀም ማለት ወደ አንዱ እግር ቡና ሁለቴ ሦስቴ መመለስ ማለት ነው። ጣት አረንጓዴውን እያለፈ ቀዩን ይመርጣል፤ ቅርጫቱ ቶሎ አይሞላም። ክፍያው በኪሎ ሲሆን የኪሎው ዋጋ በዚያው ልክ ካልጨመረ፣ የጥራቱን ወጪ የሚሸፍነው ለቃሚው በቀኑ ነው። በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው የተበላሸውን ሲለቅሙ የሚውሉት ሴቶችም እንዲሁ ናቸው። በለንደን የሶአስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ለአራት ዓመት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ሪፖርት የፌርትሬድ (ፍትሐዊ ንግድ) ማኅበራት ባሉባቸው አካባቢዎች ቅጥር ሠራተኞች ከሌሎች የተሻለ ደመወዝ እንደማያገኙ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያነሰ እንደሚከፈላቸው አሳይቷል። ሪፖርቱ ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ የቡናን ሥራ በቅርብ ለሚያውቅ ግን የሚያስገርም አልነበረም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ተግባራዊነቱ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ የካርታ መጋጠሚያ ነጥብ ይጠይቃል። ምርቱ የአምራቹን አገር የሠራተኛ መብት ሕግ ማክበሩንም ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ለግል ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልተወሰነም። የቡና ገበሬ ማኅበራቱና እነሱን ያቀፉት ዩኒየኖች ቦርዱን መጠበቅ የለባቸውም፤ በየዓመቱ ለቀማ ሳይጀመር የቀይ እሸት የለቀማ ሒሳብን በጠቅላላ ጉባኤ ወስነው በጣቢያው በር ላይ መለጠፍ ይችላሉ።