እቃ ቤት የተጣለ ኮምፒውተር ሁሉ አልሞተም፦ የቲን ክላየንት ሶፍትዌርን መመለስና መንከባከብ

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት እቃ ቤት ውስጥ 12 ትንንሽ ጥቁር ሳጥኖች ተደራርበው አገኘሁ። እያንዳንዳቸው ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ አይበልጡም። የእቃ ቤቱን ሠራተኛ ምንነታቸውን ብጠይቀው «በእርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል» አለኝ። በዚያው ሰሞን በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ አምስት ስድስት ተማሪ በአንድ ኪቦርድ ላይ ይጋፋ ነበር። ሙያውን ከሚያውቅ አንድ ወንድም ጋር ሆነን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስንፈትሻቸው ውለን ከ12ቱ ዘጠኙ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተነሡ። የአብዛኞቹ ችግር የተቃጠለ ዕቃ ሳይሆን የተበላሸ ሶፍትዌርና የተሳሳተ ቀን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ትምህርቱን እያወቀ በመሣሪያው ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመድረሳውና በየማኅበሩ ቢሮ «ሞተዋል» ተብለው የተቀመጡ ሳጥኖች ካሉ፣ ከመጣላቸው በፊት ይህን ጽሑፍ አንብቡ።

ቲን ክላየንት ምንድን ነው?

ቲን ክላየንት ማለት አብዛኛውን ሥራ ራሱ የማይሠራ ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙም ፋይሉም ያለው ሰርቨር በሚባለው ትልቅ ማሽን ላይ ነው። ሳጥኑ የተማሪውን ኪቦርድና ማውዝ ወደ ሰርቨሩ ያስተላልፋል፤ ሰርቨሩ የሚልክለትን ምስል ደግሞ ስክሪን ላይ ያሳያል። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የለም፤ ያለው ትንሽ የፍላሽ ማከማቻና በእሱ ላይ የተጫነ ትንሽ ሲስተም ሶፍትዌር ነው። መብራት የሚፈጀው ከተለመደው ኮምፒውተር እጅግ ያነሰ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማርን ሰዎች «ፕላዝማ»ን እናስታውሳለን። ትምህርቱ ከማዕከል በሳተላይት ይመጣል፤ ክፍል ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የሚያሳይ ብቻ ነው። ስርጭቱ ሲቋረጥ ቴሌቪዥኑ ደህና ሆኖ ሳለ ክፍለ ጊዜው ባዶ ይሆናል። ቲን ክላየንትም እንዲሁ ነው፦ ሳጥኑ ምንም ሳይሆን ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት ስላቃተው ብቻ የሞተ ሊመስል ይችላል።

መጀመሪያ በሽታውን መለየት

*ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆሙ ወይስ አንዱ ብቻ?* ሁሉም ከቆሙ ሳጥኖቹን አትንኩ። ችግሩ ያለው ሰርቨሩ፣ ስዊቹ ወይም መብራቱ ጋ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ የጎረቤቱን የኔትወርክ ገመድ ሰክታችሁ ሞክሩ።

*መብራቱ ጭራሽ አይበራም?* አዳፕተሩን ከሚሠራ ተመሳሳይ ሳጥን ወስዳችሁ ሞክሩ። ቮልቴጁ የተለየ አዳፕተር ግን በፍጹም አትሰኩ።

*ይነሳል፣ ነገር ግን ሰርቨሩ አይቀበለውም?* ቀኑን ተመልከቱ። በሳጥኑ ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቅ ሲአር2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች። ሳጥኑ ከመብራት ተነቅሎ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ባትሪዋ ታልቃለች፤ ቀኑም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሰርተፍኬት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ስላለው፣ ቀኑ የተሳሳተ ሳጥን ሰርተፍኬቱን አያምንም፤ ግንኙነቱም ይቋረጣል።

እዚህ ላይ እኛ አገር የሚያጋጥም ስህተት አለ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ሳጥኑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 3፡00 ብሎ የሞላም ስድስት ሰዓት ያዛባል። በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ፤ የሰዓት ክልሉንም ናይሮቢ (+3) አድርጉ፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

*የአምራቹን አርማ አሳይቶ ይቆማል ወይም እየጠፋ ይነሳል?* ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሲስተም ሶፍትዌሩ መበላሸቱን ያሳያል። ሶፍትዌሩ በሚጻፍበት ሰዓት መብራት መጥፋቱ የተለመደ ምክንያት ነው።

ሶፍትዌሩን መመለስ

1. ከሳጥኑ ሥር ያለውን የሞዴል ስምና ቁጥር በትክክል ጻፉ። የአንዱ ሞዴል ሶፍትዌር ለሌላው ላይሆን ይችላል።

2. ለዚያ ሞዴል የተዘጋጀውን ኢሜጅ፣ ማለትም የሙሉ ሶፍትዌሩን ቅጂ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ኤችፒ ለዚህ «ቲንአፕዴት»፣ ዴል ደግሞ ለዋይዝ ሳጥኖቹ «ዩኤስቢ ኢሜጂንግ ቱል» የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ሁለቱም ኢሜጁን ማስነሻ በሚሆን ፍላሽ ላይ ይጽፋሉ። በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ተጠቀሙ።

3. ፍላሹን ሰክታችሁ ሳጥኑን አብሩና ከየት እንደሚነሳ የሚያስመርጠውን ዝርዝር አውጡ። በኤችፒ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ ኤፍ9፣ በአዳዲሶቹ ዴል ዋይዞች ኤፍ12 ነው።

4. መጻፉ እስኪያልቅ ሳጥኑ በዩፒኤስ ላይ ይሁን። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

5. ሲያልቅ ቀኑን፣ የሰርቨሩን አድራሻና የሳጥኑን ስም ሙሉ። ሁለት ሳጥኖች አንድ ስም ከያዙ ኔትወርኩ ላይ ይጋጫሉ።

የፍላሽ ማከማቻው ራሱ የሞተ ሳጥንም ተስፋ አለው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው «ኤልቲኤስፒ» የተባለ ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት፣ ሳጥኑ በተነሳ ቁጥር ሶፍትዌሩን በኔትወርክ ከሰርቨሩ እንዲያገኝ ያደርጋል። እኛ ካልተነሡት ሦስት ሳጥኖች ሁለቱን ኋላ ላይ ያስነሣናቸው በዚህ መንገድ ነው።

ከተነሳ በኋላ

ዊንዶውስ ያለባቸው ብዙ ቲን ክላየንቶች «ራይት ፊልተር» የሚባል ጥበቃ አላቸው። ተማሪው የሚቀይረው ነገር በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ላይ ብቻ ይቀመጥና ሳጥኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጥቁር ሰሌዳ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ እንደሚጠፋ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ማስተካከያ ይሠራና በማግስቱ ሲያጣው «ተበላሽቷል» ይላል። ማስተካከያው እንዲቀመጥ ጥበቃውን አጥፍቶ ሳጥኑን እንደገና ማስነሳት፣ ሥራውን መሥራት፣ ከዚያም ጥበቃውን መልሶ ማብራት ያስፈልጋል። መልሶ ማብራቱን የረሳ ሰው ሳጥኑን ለቫይረስና ለተማሪ ሙከራ ያጋልጠዋል። ሳጥኖቹን በየቀኑ ማጥፋትም ያ ጊዜያዊ ቦታ ሞልቶ ሥራ እንዳያቆም ይረዳል።

የሶፍትዌሩን ዕድሜም እወቁ። ለቲን ክላየንት የተዘጋጀው «ዊንዶውስ ኢምቤድድ ስታንዳርድ 7» የደኅንነት ማሻሻያው በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። እንዲህ ያለው ሳጥን ከውስጥ ሰርቨር ጋር ብቻ ይገናኝ እንጂ ኢንተርኔት ላይ በቀጥታ አይውጣ፤ ወይም ወደ ሊኑክስ ይቀየር።

ከሁሉ በላይ ግን ሰርቨሩን ጠብቁ። የተማሪዎቹ ሥራ ያለው እዚያ ነው። የአንድ ሳጥን ሶፍትዌር ከአምራቹ እንደገና ይገኛል፤ ቅጂ ያልተያዘለት የሰርቨር ፋይል ግን ከማንም አይገኝም።

ሳይበላሽ የሚሠራ ሥራ

ያ ትምህርት ቤት ሳጥኖቹን ያጣው ገንዘብ ስላልነበረው አልነበረም። ሳጥኖቹን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ሥራ ሲቀይር የይለፍ ቃሉም፣ የሰርቨሩ አድራሻም፣ ቅጂውም አብረውት ሄዱ። ስለዚህ ሳጥኖቻችሁ ደህና ሆነው ሳሉ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የአንዱን ጤነኛ ሳጥን ኢሜጅ በሁለት ፍላሽ ቅዱ፤ አንዱን ከግቢው ውጭ አስቀምጡ፤ በየተርሙም በአንድ ሳጥን ላይ ሞክሩት። ሁለተኛ፣ ሞዴሉን፣ አድራሻውንና የተደረገውን ጥገና በአንድ ደብተር መዝግቡ፤ የይለፍ ቃሉን ግን በታሸገ ኤንቨሎፕ ኃላፊው ጋ አኑሩ። ሦስተኛ፣ ሥራውን ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው።

በእርዳታ የመጣ ዕቃ የሕዝብ አማና ነው። አማናን መጠበቅ ደግሞ ዕቃ ቤት ቆልፎ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ለመጣበት ሥራ እንዲውል ማድረግም ነው። የእቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘውን ሰው ዛሬ ጠይቁት፤ ኢንሻአላህ አንዳንዶቹ ሳጥኖች የሚጠብቁት አንድ ፍላሽና አንድ ቅዳሜ ብቻ ይሆናል።