ስንት በመቶ ደረሰ?

ስለ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት በመቶ ደረሰ?» የሚለው ነው። ባለሥልጣኑ በመቶኛ ይመልሳል፤ ጋዜጠኛውም ያንኑ ይዘግባል። በእኔ እምነት በፕሮጀክት ሥራ ውስጥ የዚህን ያህል የሚያዘናጋ ቁጥር የለም።

ሕዳሴ ግድብን እናንሳ። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ። የቁፋሮና የኮንክሪት ሥራውን የጣሊያኑ ሳሊኒ ያዘ፤ የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የብረታ ብረት ሥራው ለመንግሥታዊው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጠ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ግድቡ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ተጠናቋል፣ የሲቪል ሥራው ደግሞ 80 በመቶ ደርሷል ይባል ነበር። የዞረ ተርባይን ግን አንድም አልነበረም። መቶኛው ውሸት አልነበረም፤ ወደፊት የሄደው ኮንክሪት ወደ ኋላ የቀረውን ብረት ሸፈነው እንጂ።

በኃይል ማመንጫ ግንባታ ብረትና ኮንክሪት እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ውኃውን ወደ ተርባይን የሚያወርደው ግዙፍ ቱቦ በቦታው ካልተገጠመና ካልተበየደ በዙሪያው ኮንክሪት አይሞላም። ስለዚህ ብረቱ አንድ ወር ሲዘገይ የሲሚንቶ ሰውም አንድ ወር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሒሳቡንም አይተውም፤ ሳሊኒም ለመዘግየቱ ካሳ መጠየቁ ያኔ በይፋ ተነግሯል።

ባለሙያዎቹ ይህን ሰንሰለት «ክሪቲካል ፓዝ» ይሉታል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመርባቸው ሥራዎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅሙ መስመር ነው፤ የፕሮጀክቱን ማብቂያ ቀን የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ከዚህ መስመር ውጭ ያለ ሥራ ሳምንት ቢዘገይ ማንም ላያስተውለው ይችላል። በመስመሩ ላይ ያለው ግን አንድ ቀን ሲዘገይ ምረቃውም አንድ ቀን ይገፋል። መቶኛ ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ ያቀርባል።

ወደ ግድቡ እንመለስ፤ በኋላ የሜቴክ ውል ተቋርጦ ሥራው ለውጭ ኩባንያዎች ተሰጠ፤ የተርባይኖቹም ቁጥር ከ16 ወደ 13 ዝቅ አለ። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ጉዳዩ የመንግሥት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ጂ ፕላስ ሰባት የሚያስገነባ ነጋዴ ቀልቡ ያለው በሲሚንቶና በፌሮ ዋጋ ላይ ነው። ማብቂያውን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ሊፍቱ ነው። ከውጭ ይመጣል፤ ኤልሲ ይከፈትለታል፤ ተመርቶ፣ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከጉምሩክ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። የሚገባበት ጉድጓድ ልክ እንኳ የሚታወቀው የትኛው ሊፍት እንደሚታዘዝ ሲወሰን ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ኤልሲ ለመክፈት የሚጠበቀው የዶላር ወረፋ ራሱ ሕንፃውን በሙሉ ያስቆም ነበር። ለባንክ ብድር በሚቀርብ የጊዜ ሰሌዳ ላይ የሊፍቱ ማዘዣ ከመሠረት ቁፋሮው ጎን ተጽፎ የሚገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቀለሙ ቀጥሎ፣ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ነው።